ቆሞ ለሚቆይ ሰው የሚያድግ ሐረግ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ገብረ ኪዳን፤ ይድረስ ለአባቴ።

ከሁለቱ በየትኛው መጀመር እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ጻፍኋቸው፤ የማይገባውን እርስዎ ይሰርዙት። ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሐይቁ ዳር ስለማልፍ ደሴትዎ ይታየኛል፤ ጭጋግ ከሌለ ዛፎቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ግን ሴት ከወደቡ ድንጋይ ወደ ላይ አትወጣም፣ እርስዎም ከወደቡ ድንጋይ ወደ ታች አይወርዱም። ዱባይ ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ከእርስዎ ይልቅ ትቀርበናለች፤ እሷ በየእሑዱ በስልክ ፊቷን ታሳየናለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ያው ባለጀልባው መልካሙ ነው። ጾመ ነቢያት ሲገባ በዓትዎን ሊዘጉ መሆኑን የነገረኝም እሱ ነው። ነገር ማለሳለስ አይሆንለትም፤ "ካሁን ወዲያ ሰው አያዩ፣ ከሰውም አይነጋገሩ፣ ወረቀትም አይቀበሉ" አለኝ። "እስከ መቼ?" ብዬ ጠየቅሁት። ገመዱን እየጠቀለለ "እኔ እንጃ እቴ፤ እስከ ዕድሜ ልካቸው ነው መሰል" አለ። እንግዲህ ከእኔ የሚደርስዎ የመጨረሻው ደብዳቤ ይህ ነው ማለት ነው፤ ቢረዝምብዎም ታግሠው ያንብቡልኝ።

በጥቅምት መግቢያ በዚሁ በመልካሙ አፍ የላክሁብዎን ያስታውሳሉ። በዓትዎ ሳይዘጋ አንድ ቀን ወደቡ ድረስ ይውረዱልኝ፣ እኔ ከጀልባው አልወርድም፣ ካልፈለጉም አልናገርም፣ ብቻ አንድ ጊዜ ልይዎት ብዬ ነበር። መልሱን ሲያመጣልኝ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ጫማውን እያየ ነው የነገረኝ። "'የሞተ ሰው ለስንብት አይወጣም፤ እግዚአብሔር ይባርካት በላት' አሉ።"

አባዬ፣ ተናደድሁ። መነኩሴ ሲመነኩስ ግንዘት እንደሚደገምለት፣ ለዓለም እንደሞተ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ የቄስ ልጅ ነኝና ይህ አይጠፋኝም። "እሺ ለዓለም ሞቱ፤ እኔ ልጃቸው ነኝ እንጂ ዓለም ነኝ እንዴ?" ብዬ ምንም ባላደረገችው በአክስቴ በየብርጓል ላይ ጮህሁባት። እሷም ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቋርጥ "እና እኔ ምን ላርግሽ? ሒጅና ሐይቁ ላይ ጩኺ" አለችኝ። ሐይቁ ላይ አልጮህሁም። ሥራዬ ላይ ተደፋሁ፤ ስለዚያ ሥራ ነው አሁን የምጽፍልዎ።

ከዚያ በፊት ግን የቤቱን ልንገርዎ። አክስቴ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። እማዬ ካረፈችና እርስዎ ከመነኮሱ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሷ ሆናለች፤ የማስተምርበት ኮሌጅ ድረስ ምሳ በሳህን እየላከች ተማሪዎቼን ታስቅብኛለች። የእማዬን መቃብር ለመስቀል አሳድሰነዋል። ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ ደብዝዞ ስለነበር እናትዓለም የሚለውን ፊደል በፊደል በጥቁር ቀለም የሞላሁት እኔ ነኝ። የእርስዎን እጅ ያህል አላማረም፤ ቢሆንም ይነበባል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጧፍና ጥቂት ሽምብራ አለ፤ ለገዳሙ ነው። ጋቢው ግን ለእርስዎ ነው። አንዱ አባት በረዳቸው ብለው ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት፤ አውቅዎታለሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ሥዕል ይሠሩባት የነበረችውን ክፍል ስናጸዳ ሐረግ ይለማመዱባቸው የነበሩትን ወረቀቶች አገኘሁ፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሥሏቸውን ቀይና ጥቁር ሐረጎች መጀመሪያ የሚሞክሩባቸውን። አክስቴ ለእሳት ማቀጣጠያ ልታደርጋቸው ነበር፤ ቀማኋት። ልጅ ሆኜ ከጎንዎ ቁጭ ብዬ "ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ" እያሉ መስመሩን በመስመር ሲያሳልፉት እሰማ ነበር። ሐረግ ሥርዓት አለው፣ አንድ ቦታ ከተሳሳቱ ሁሉም ይፈርሳል ይሉኝ ነበር። ኮምፒውተርም የሚወደው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። እናም የእርስዎን ሐረግ ራሱ እየሣለ የሚሄድ ፕሮግራም ጻፍሁ። ሳላስፈቅድዎ ነው፤ ይፍቱኝ።

ሴንሰር የሚባሉ ነገሮች አሉ። እንደ ብራና ስስ ናቸው፣ ከምንጣፍ በታች ይነጠፋሉ። ሰው ሲቆምባቸው የት ቦታ እንደቆመ፣ ምን ያህልም እንደተጫናቸው ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፕሮጀክተር ለሚባለው መብራት ያቀብላል፤ ሐረጉ በዚያችው ቅጽበት ከሰውየው እግር ሥር በብርሃን ይበቅላል። ሰውየው ሲራመድ ይከተለዋል። ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ የሁለቱ ሐረግ ይጠላለፋል። ማንም ካልገባ ግን ባዶ ወለል ነው፣ ምንም አይታይም። ሥዕሉን የሚሥለው የገባው ሰው ነው፤ እኔ ብርዑንና ቀለሙን አሰናድቼ ዞር እላለሁ። "ኋላስ ምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ ይሰማኛል። ምንም አይጠቅምም አባዬ፤ ያምራል።

አብሮኝ የሠራው ቴዎ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛው ኮሌጅ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። ሽቦውና መብራቱ የእሱ፣ ፕሮግራሙ የእኔ ሆነ። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ የድሮ የዓሣ መጋዘን ለጥቂት ሳምንታት ተፈቀደልን። ወለሉን ስንት ጊዜ በሎሚና በሳሙና ብናጥበው የዓሣው ሽታ አልለቅ አለ፤ ቴዎ "ጭራሽ ድመት ብቻ ነው የሚመጣልን" ይል ነበር። በአሁኑ ጊዜ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ማሳየት ያለብን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደን አጨለምናቸው።

የመክፈቻው ቀን ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። የኮሌጁ መምህራን መጡ፣ ተማሪዎች መጡ፣ የአክስቴ የማኅበር ሴቶች ከፋሲሎ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ለመጀመሪያ ዕይታ እንዲሆን አንድ ትልቅ ሐረግ ወለሉ መሃል ላይ አብርተን ነበር። ከዚያ በሩ ላይ አንድ ሰው ጫማውን አወለቀ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም። ተከታዩም አወለቀ፣ የእሱም ተከታይ። ቴዎ "ኧረ ችግር የለውም፣ በጫማ ግቡ!" እያለ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። በሩ የቅዳሴ ቀን በር መሰለ። የገቡት ሁሉ ደግሞ ወደ መሃል አልሄዱም፤ ግድግዳውን ታክከው ዙሪያውን ቆሙ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። የማኅበሩ ሴቶች ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

እኔ ግራ ገባኝ፤ መሃል ድረስ ገብቼ "ግቡ እንጂ! ርገጡት፤ ሲረገጥ ነው የሚያድገው" አልሁ። አንዲት አሮጊት ብቻ ከነጠላቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ወደ ወለሉ እያመለከቱ በቀስታ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ መስቀሉን ነው እምረግጠው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አባዬ፣ መስመሮቹ በሚቋጠሩበት መሃል ላይ መስቀል ነበረበት። የእርስዎ ሐረግ ሁሉ ቋጠሮው ላይ መስቀል አለው። ስንት ወር በስክሪን ሳየው፣ ሳሰፋው ሳጠበው፣ ለእኔ የመስመር መጋጠሚያ ሆኖ መስቀልነቱ ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር። የቄስና የሠዓሊ ልጅ መስቀል መሬት ላይ አንጥፋ ሕዝቡን ርገጡ ትላለች። የምገባበት ጠፋኝ። ቴዎን "አጥፋው፣ አጥፋው!" አልሁት፤ እሱ ደግሞ ደንግጦ መብራቱን ሁሉ አጠፋውና ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ጫማውን ሲፈልግ አመሸ። ሲወጡ ግን ማንም አልተቆጣኝም። የማኅበሩ ሴቶች "ተሳለምነ፣ እግዜር ይስጥሽ" ብለውኝ ሄዱ። ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ አሳፈረኝ።

በማግሥቱ መስቀሉን አውጥቼ እንደገና ከፈትን። ያው ሆነ። ያለ መስቀሉም ሐረግ ሐረግ ነው፤ ያሳደጋቸው ቤተ ክርስቲያን ነውና ማንን ያታልላሉ? ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያዙ። የደፈረውም ቢሆን በባዶ እግሩ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ ያህል ቀስ ብሎ ነው የሚረግጠው። ሴንሰሮቹን ያስተካከልናቸው በጫማ ዱብ ዱብ እያለ ለሚራመድ ሰው ስለነበር ጭራሽ አልሰሙትም። የባሰው ደግሞ እኔ የጻፍሁት ነገር ነው፤ ሰው ካልተንቀሳቀሰ ሰልችቶታል ብዬ ሐረጉ ከሥሩ እንዲጠወልግ አድርጌው ነበር። ሰዎቹ ቆመው ሲመለከቱ ሐረጉ ፊታቸው ይደርቅና ይጠፋል። ቴዎ ተበሳጨ።

"ሩሒ፣ አልገባሽም እኮ! ሰው ካልተንቀሳቀሰ ምኑ ነው አርት? ፍዝዝ ብለው ቆመው ቀሩ!"

"ታዲያ ምን ላድርጋቸው፣ ላስጨፍራቸው?"

"እኔ እንጃ! ሙዚቃ እንልቀቅ።"

ሙዚቃ አልለቀቅንም። ተኳርፈን ወደየቤታችን ሄድን። እቤት ስደርስ አክስቴ ማጅራቷን በቅባት እያሸች "ያንችን ነገር ቁልቁል ሳይ ውየ አንገቴ ተቆለመመ። እንዲያ ያለ ነገር ሰው ቀና ብሎ ነው እንጅ አጎንብሶ ያያል?" አለችኝ። ቁጭ አልሁ። እርስዎ ጣሪያ ሲሥሉ መሰላሉን ይዤ አንጋጥጬ የምጠብቅዎ ልጅ ትዝ አለችኝ። አንገቷን ያማት ነበር፤ ግን ዓይኗን አውርዳ አታውቅም።

በነጋታው ገበያ ወርደን አቡጀዲ ገዛን። አክስቴ እያማረረች ሰፋችው፣ ቴዎ ከጣሪያው ሥር ወጥሮ ሰቀለው፣ ፕሮጀክተሩንም ወደ ላይ አዞርነው። ሴንሰሮቹ ግን ወለሉ ላይ ቀሩ፤ የባዶ እግርን ኮቴ፣ የመቋሚያን ጫፍ ሳይቀር እንዲሰሙ አድርጌ አላላኋቸው። መስቀሉንም ወደ ቦታው መለስሁት። ከዚያ ካልተንቀሳቀሰ ይጠውልግ ብዬ የጻፍሁትን የፕሮግራም መስመር ሰረዝሁትና ገለበጥሁት፤ አሁን ሐረጉ የሚያድገው ቆሞ ለሚቆይ ሰው ነው። ሮጦ ለሚያልፍ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ታበቅላለች፤ ቆሞ ለሚጠብቅ ግን ቅጠል ያወጣል፣ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ላይም መስቀሉ ይወጣል። ያን ስጽፍ የማስበው እርስዎን ነበር። ማኅሌት ቆመው አድረው ሲመጡ እግርዎ አብጦ ጫማዎ አልወልቅ ይል ነበር፤ እማዬም በሞቀ ውኃ እየነከረች "ምናለ ትንሽ ቁጭ ቢሉ?" ትልዎ ነበር።

ቴዎ ሐሳቡ አልተዋጠለትም። "ማን ቆሞ ይጠብቃል? ሰው እኮ ስልኩ ላይ እንኳ ሦስት ሰከንድ አይታገሥም" አለኝ። "የት አገር?" አልሁት። ሳቀና ሽቦውን መቀጠል ጀመረ።

ቆሙ አባዬ። እንደገና ስንከፍት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ መሃል ድረስ ሄዱ፣ አንጋጠጡና ቆሙ። ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ ሐረጉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የጎረቤትየው ሐረግ ጋ ሲደርስ ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ እያለ ያልፋል። የማይተዋወቁ ሰዎች የሁለታቸው ሐረግ ሲቋጠር አይተው ተያይተው ይስቃሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር በየቀኑ ተሳፋሪ ሲጠፋ ይመጣል፤ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ይቆምና ደስ ብሎት ይወጣል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይወጡም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በጨለማ ቆመው ይጠብቃሉ። ቴዎም ራሱ አንድ ቀን ገመድ ሊያስተካክል ገብቶ አንጋጥጦ ቀረ። ብጠራው አይሰማም። "ፍዝዝ ብለህ ቀረህ እኮ" ብዬ የራሱን ቃል መለስሁለት። የማኅበሩ ሴቶችም ተመልሰው መጥተዋል፤ አሁን እንኳ እጅ መንሣታቸውን አልተዉም፣ እኔም አልከለክላቸውም።

አንድ ነገር ልንገርዎና ልጨርስ።

ባለፈው ሐሙስ ነው። እኔ የምሠራው ከአዳራሹ ጥግ፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው። ከዚያ ሆኜ ሰዎቹን አላያቸውም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ ወለሉ ነው። የሰው እግር ያረፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ክብደቱ የበዛበት ይበልጥ ይነጣል። ሊመሽ ሲል ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ቴዎ ከበሩ ላይ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ሩሒ፣ አንድ መነኩሴ መጥተዋል። ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ዘግተናል ልበላቸው?" አለኝ። "ይግቡ እንጂ" አልሁት።

ገቡ። ሁለት እግሮችና የመቋሚያ ጫፍ ስክሪኑ ላይ በራ። ቀስ እያሉ መሃሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ መጀመሪያ ልብ አላልሁም፤ ሴንሰር የተበላሸ መስሎኝ ቁልፎቹን ስነካካ ነበር፤ ምክንያቱም ግራ እግራቸው ሙሉ ለሙሉ ሲበራ ቀኙ ጣቶቹ ብቻ ናቸው የሚበሩት። ተረከዙ ጨለማ ነው። ሴንሰሩ ደህና ነበር። ቀኝ ተረከዛቸው ነው መሬት የማይነካው። እርስዎ ከዚያ ጣሪያ ሥዕል መሰላል ላይ ከወደቁ በኋላ አጥንቱ ተጣሞ የጠገነው ተረከዝዎ ነው እንደዚያ። እማዬ ቀኝ ጫማዎ ውስጥ ጨርቅ እያጠፈች ታስገባልዎ ነበር።

ተነሣሁ። እጄ መጋረጃው ላይ ነበር። አንድ ክንድ ጎተት ባደርገው ይበቃል። ደጋግሜ አሰብሁት፤ አሁንም ስጽፍ አስበዋለሁ። መጋረጃውን ብገልጠው እሳቸው የሞተ ሰው ለስንብት አይወጣም ብለው ወጥተው የተገኙ አባት ይሆናሉ። ካልገለጥሁት ግን ለገዳማቸው ጉዳይ ከተማ ወርደው መንገዳቸውን ጎራ ብለው ሥዕል የሚያዩ አንድ መነኩሴ ናቸው፤ በማንም ፊት፣ በራሳቸውም ፊት የፈረሰ ቃል የለባቸውም። እጄን አወረድሁ። ድምፄ እንዳይሰማ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስሁ፤ አልደብቅዎም፣ ብዙ ነው ያለቀስሁት።

እሳቸው ቆመው ነበር። ሐረጋቸው ማንም ካበቀለው ሁሉ በለጠ። አቡጀዲውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ፕሮግራሙን ስጽፍ አላሰብሁበትም ነበር፤ ያን ያህል የሚቆም ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ቦታ ሲያጣ መስመሮቹን ማወፈር ያዘ፤ ቀዩ እየደመቀ ሄደ፣ ከመጋረጃዬ በላይ ያለው ጣሪያ ሁሉ ቀላ። ቴዎ በኋላ እንደነገረኝ ነጠላቸው ከፊታቸው ወርዶ አንጋጥጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልዩ ይሁን ወይስ መስመሩን ይከተሉት ይሁን አላወቀም።

ከዚያ እግሮቹ ዞሩ። ወደ በሩ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ወደ እኔ ነው የመጡት። መጋረጃው ፊት ደርሰው ቆሙ። በመካከላችን ጨርቁ ብቻ ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ያ የእጣንና የቀለም ሽታም መጣ። ድንገት የመቋሚያው ነጥብ ከስክሪኑ ጠፋ፤ መቋሚያቸውን ከመሬት አንሥተዋል ማለት ነው። በእጃቸው ባርከው ይሆን፣ እንባቸውን ጠርገው ይሆን፣ አላውቅም። ሴንሰሩ የሚያውቀው የእግርን ብቻ ነው። ከዚያ ነጥቡ ተመልሶ በራ፣ እግሮቹም ወደ በሩ ሄዱ።

ቴዎ ጫማቸውን ሲያቀብላቸው አንድ ነገር ጠይቀውታል። "ይህን የሠራችው ልጅ ምሳዋን በወግ ትበላለች?" አሉት። እሱም "አክስቷ በየቀኑ ትልካለች አባ" አላቸው። "ደግ" ብለው ሄዱ። ቴዎ ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነበር፤ መነኩሴ ስለ ምሳ መጠየቁ ገርሞት። ፊቴን ሲያይ መሳቁን ተወ፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ፕሮጀክተሩን ሊያጠፋ ገባ።

ለአክስቴ አልነገርኋትም። መልካሙንም ሐሙስ ዕለት ማንን እንዳሻገረ አልጠየቅሁትም። አንድ የጀመርሁት ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ ወደቡ ድረስ እንዲወርዱልኝ እንደገና የምለምንበት። ቀድጄዋለሁ። ከእንግዲህ የምለምንዎ ነገር የለኝም፤ ንዴቴም አልቋል። በዓትዎን በሰላም ይዝጉ። ጸሎትዎን እዚያው ሆነው ይጸልዩ፣ እኔም እዚህ ሆኜ ሥራዬን እሠራለሁ። እማዬን በጸሎት ያስቧት፤ አክስቴን ለጉልበቷ፣ እኔንም እንደ አመልዎ ስሜን ጠርተው። እግዚአብሔር ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ፣ መቆምዎንም ይቀበልልዎ፣ ብርድ ሲሆን ጋቢውን ይልበሱት።

በገዳማችሁ ያን አባት ካገኟቸው ደግሞ በዓትዎ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረችው ልጅ መቀመጫ ነበራት፤ እሳቸው ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ግን ቆማ ነበር ይበሉልኝ።

ልጅዎ
ሩሐማ